የጢያ ድንጋዮችና የእኛ መዝገብ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግር አድርጉ ስንባል «እኛ ጡረታ የወጣን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነን፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም» ብለን ነበር። ዳኛችን ግን «ያያችሁትን ብቻ ንገሩን» አሉ። እንግዲህ ያየነውን እንናገራለን።

ባለፈው ጥቅምት ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ጢያ ሄደን ነበር። ጢያ በሶዶ፣ በጉራጌ አገር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በመንገዱ ላይ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። የጥንት ሰዎች ከድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ስፍራ ሲሆን በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል ደግሞ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ትገኛለች፤ ንጉሥ ላሊበላ አሠሯት ይባላል።

ጢያ ስንደርስ እውነቱን ለመናገር ቅር አለን። ግንብ የለ፣ አዳራሽ የለ፤ በአጥር በተከለለ ሜዳ ላይ የቆሙ ድንጋዮች ብቻ። አንዱ ጓደኛችን «ለዚህ ነው እንዴ ከሌሊት የተነሣነው?» አለ። ቀረብ ብለን ካየን በኋላ ግን እሱም ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን።

ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው። ከእነዚህ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። በብዛት ያለው የጎራዴ ቅርጽ ነው። ክብ ክብ የሆነም አለ፤ ቅጠል ወይም ሥር የሚመስልም አለ፣ ይህንንም እንሰት ነው የሚሉ አሉ። ጎራዴው የተገደለ ጠላት ቁጥር ነው ሲባልም ሰምተናል። ይሁንና የብዙው ምልክት ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲለው ኖሯል፤ ያጠኑት ሰዎች ግን ከግራኝ ዘመን የሚቀድም ነው ይላሉ። ትክክለኛው ዕድሜው ገና ተቆርጦ አልታወቀም። በሶዶ ምድር እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ስፍራዎች 160 ያህል ሲገኙ፣ ጢያ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሁን ልብ በሉልን። ባለሙያዎች ሲቆፍሩ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኙ። ሙታኑ ጉልበታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ናቸው። አብዛኞቹም ወጣቶች፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ፣ ወንድም ሴትም እንደሆኑ ይነገራል። ያ ሜዳ ለካ የለቅሶ ቦታ ኖሯል! ያን የመሰለ ድንጋይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያቆመውም። የሚጠርብ፣ የሚጎትት፣ ጉድጓድ የሚምስ ብዙ ሰው ይፈልጋል። እኛም በሆዳችን «እነዚህ ሰዎች እድር ነበራቸው» አልን።

ነገር ግን ስማቸው የለም። ጎራዴው አለ፣ ስሙ የለም። ማን እንደ ነበሩ የሚነግረን አልተገኘም። እነሱስ ጽሕፈት አልነበራቸውም ይባል። እኛስ?

ይኸን የምንለው የራሳችን ጥፋት ስላለብን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ከውጭ አገር መጥታ «አባቴ የት ነው የተቀበረው?» ብላ ጠየቀችን። የእድራችን አባል ነበሩ። መዝገቡን አወጣን። «ቀብር ተፈጽሟል፤ ድንኳን 1፣ ወንበር 40፣ ገንዘቡ ለቤተሰብ ተከፍሏል» ይላል። የጻፍነው እኛው ነን፤ ጽሕፈቱም ያምራል። የት እንደተቀበሩ ግን አልጻፍንም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አብረናት ብንሄድ ቦታው ጠቦ መቃብር በመቃብር ላይ ተደርቧል፤ የቆምንበትን እንኳ መለየት አቃተን። ልጅቱ ሻማዋን በግምት አንድ ጥግ ላይ አብርታ ሄደች። አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተን፣ ወንበሩን ቆጥረን ሰውየውን ረሳን።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ ይኸ ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሟች በመዝገቡ አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጥ፤ ሙሉ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ያረፉበት ቀን፣ የተቀበሩበት ስፍራና አቅጣጫው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ጎረቤት የሚመሰክረው ሁለት ሦስት መስመር ይታከልበት፤ የውኃ ቧንቧ ሲገባ የደከመ፣ የታመመ የጠየቀ፣ እድሩን ያቋቋመ መሆኑ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ነባር አባሎቻችን በሕይወት ሳሉ የቀደሙትን ሙታን ይንገሩንና እንመዝግብ። ለወጪው ብዙ አትስጉ፤ የሚፈለገው ወፍራም ደብተርና እስክሪፕቶ ነው። ጽሕፈቱን እኛ ዓይናችን እስኪደክም ያለ ክፍያ እንሠራለን።

አንዳንዱ «ለሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። ለሞተው አይደለም እኮ! ሻማ ይዛ ለምትመጣው ልጅ ነው።

በመጨረሻም ወጣቶቻችንን ይዘን ጢያን ደግመን እንይ እንላለን። ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቀረነው ጤናና ፍቅርን ፈጣሪ ይስጥልን።