ከቻርጀሩ በፊት ፈቃዱ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛን የምታውቁን በሂሳብ ሪፖርት ነው። ዛሬ ስለ መኪና ቻርጀር እንነጋገራለን፤ ነገሩ ግን ከሂሳባችን የራቀ አይደለም። እዚህ ካሊፎርኒያ በመኪና ሥራ የሚተዳደሩ አባሎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና እየገዙ፣ ቤታቸው ቻርጀር ለማስገጠም ከፈንዳችን ብድር ይጠይቃሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን በዚሁ ብድር ቻርጀር አስገጠመች። ሠራተኛው “ፈቃድ አያስፈልግም፣ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ” ብሎ ገንዘቡን በሙሉ አስቀድሞ ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሶኬቱ ቀለጠ። ብትደውል ስልኩ አይነሳም። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን አውጥቶ እንደ አዲስ ዘረጋ፤ እሷም ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ገንዘቡን ስንሰጥ የፈቃድ ወረቀት አልጠየቅንም።

ስለዚህ ደንቡን ቁጭ ብለን አነበብን።

መኪና ቻርጅ ሲደረግ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ኃይል ይስባል። በዚህ ምክንያት 40 አምፔር ለሚስብ ቻርጀር 50 አምፔር የሚችል መስመርና ብሬከር ያስፈልጋል። የቤቱ ዋና ፓኔል ጭነቱን መቻሉም አስቀድሞ ይሰላል። ፈቃድ ሲጠየቅ የሚታየው ይህ ነው፤ ሥራው ሲያልቅም ኢንስፔክተር መጥቶ ያረጋግጣል።

“ሲቲው ያጉላላናል” ለምትሉ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች የሚጠይቁትን ነገር በዝርዝር እንዲያሳውቁ ያዛል። በ2021 የወጣው ደግሞ ጊዜ ወሰነ። ለአንድ ቤት ቻርጀር የቀረበ ማመልከቻ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ “ይህ ይጎድላል” ካልተባለ እንደተሟላ ይቆጠራል። ከዚያ በ20 የሥራ ቀን መልስ ካልተሰጠበት እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

ኮንዶ ያላችሁ ለቤት ባለቤቶች ማኅበሩም በጽሑፍ አመልክቱ። ተጨማሪ መረጃ ሳይጠይቅ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልከለከለ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ተከራዮችም ብትሆኑ በራሳችሁ ወጪ ለማስገጠም አከራያችሁን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ በቃል ብቻ አትጠይቁ።

ስለ ክፍያም እንንገራችሁ። የኮንትራክተሩን የላይሰንስ ቁጥር ተቀብላችሁ በክፍለ ግዛቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አጣሩ። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ መብለጥ የለበትም። ለ3,000 ዶላር ሥራ 300 ዶላር ማለት ነው። ሙሉውን በቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ በሩን አሳዩት።

ከዚህ ወር ጀምሮ የቻርጀር ብድር በሁለት ጊዜ ይሰጣል። የመጀመሪያው የፈቃዱ ቁጥር ሲቀርብ፣ የቀረው ኢንስፔክተሩ ሲፈርም ነው። የፈቃዱ ክፍያም በብድሩ ውስጥ ይታሰባል። ደረሰኞቹን በፋይል እናስቀምጣለን፤ ገንዘባቸውን ያመኑን ደጋፊዎቻችን በፈለጉ ጊዜ ማየት ይችላሉ። ለተጎዳችው እህታችንም የመክፈያ ጊዜዋ እንዲራዘም ሐሳብ አቅርበናል፤ ዛሬ ድምፅ ስጡበት።

ፎርሙ የሚያስቸግራት እህት ከስብሰባው በኋላ ይዛው ትምጣ፤ አብረን እንሞላዋለን።