ድንጋይ ተሸክሞ የመጣላት የለም



ከጉና ተራራ ወዲህና ወዲያ በተዘረጋው ደጋና ቆላ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በዳይ ይቅርታ ሲለምን ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ እንደሚንበረከክ፣ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካላለው በቀር ድንጋዩን እንደማያወርድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ግን እንዲህ ያለ ለማኝ ከደጇ ደርሶ ስለማያውቅ አንዲት ተበዳይ ነው፤ እርሷም አካሉ ወይም አእምሮው የተጎዳ ልጅ የምታሳድግ እናት ናት።

በነፋስ መውጫ መንገድ፣ በገበያ ቀን፣ እንዲህ ያለች እናት አየሁ። ያዘለችው ልጅ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፤ አንቀልባው ለሕፃን የተሰፋ ስለ ሆነ እግሮቹ ከጉልበቷ በታች ተንጠልጥለዋል፤ እርሷም ጥቂት በተራመደች ቁጥር ጎንበስ ብላ ሽቅብ ታስተካክለዋለች፣ በነጠላዋም ጫፍ ለሃጩን ትጠርግለታለች። ከኋላ ከሚከተሉት ሴቶች አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ሠርታ ይሆን?» አለች። እናቲቱ ሰምታለች፤ ዘወር ግን አላለችም።

ከሸክሙ ይልቅ አንጀቷን የሚቆርጠው ይህ ቃል ነው። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ መድኃኔ ዓለም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ ጥያቄውን ዘግቶት ነበር፤ እኛ ግን ወንጌሉን ቆመን ሰምተን ከቅጽሩ እንደ ወጣን መልሰን እንከፍተዋለን። እናቲቱም ከጸበል ጸበል ስትንከራተት፣ በእርግዝናዋ ወራት የበላችውንና የረገጠችውን ስትመረምር፣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የወረደው ባሏ በዚያው ሲቀር «በእኔ ጦስ ነው» ስትል፣ ራሷ ከስሳ፣ ራሷ መስክራ፣ በራሷ ላይ ትፈርዳለች።

እንዲህ ላለችው ተበዳይ ታዲያ ይቅርታ ምንድን ነው? ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ይቅርታን ያጠኑት ፕሮፌሰር ሮበርት ኤንራይት ይቅርታ መርሳት ወይም በደልን ማስተባበል እንዳልሆነ፣ ተበዳዩ መቆጣት እየተገባው ቂሙን በፈቃዱ መተው እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ነገሩ በፈቃድ ነውና «የበደሉሽን ይቅር በዪ» እያሉ እናቲቱን ማስጨነቅ በሸክም ላይ ሸክም ነው። ላልሠራችው ኃጢአትማ ከቶ ምን ይቅርታ ያሻታል? ንጹሕ መሆኗን የንስሐ አባቷ በጎረቤት ፊት ይንገሯት እንጂ!

ይህ ምድር ለተጎዳ ልጅ ሥፍራ ለመስጠት እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አባ የሚገኙት በጋይንት ነው። በአብነት ትምህርት ዓይነ ስውሩ በቃሉ አጥንቶ መምህር ሲሆን እናቱን የሚያማት የለም፤ ለልጇ ሥፍራ ተገኝቶለታልና። እግሩ ላልጸናው፣ አንደበቱ ላልተፈታው ልጅ ግን ሥፍራ አላዘጋጀንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ፣ በጓዳ ተደብቀው የኖሩ ልጆች ከነእናቶቻቸው ወደ ብርሃን መውጣት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ስማዳ ግን መንገዱ ረጅም ነው።

ያን የገበያ ቀን ያች ሴት «ምን ሠርታ ይሆን?» ስትል እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እንግዲህ ከመካከላችሁ ሽማግሌ የሚሆነኝ ቢገኝ፣ ድንጋዩን ተሸክሜ ወደ ነፋስ መውጫ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ።