እህቴ ሆይ፣ ነውሩ የአንቺ አይደለም

ዛሬ የማነሣው በመድረካችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር ነው። ከባድ ነው፤ ግን መጽሐፍ ቅዱስ አልሸሸውም፣ እኛም አንሽሽ።

እስቲ 2ኛ ሳሙኤል 13ን አስቡት። ትዕማር የንጉሥ ልጅ ነበረች። የአባቷ ልጅ አምኖን ደፈራት። በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ወጣች። ቤተ ሰቧ ምን አደረገ? አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት። አባቷ ዳዊት ሰማ፣ እጅግም ተቆጣ፤ ግን ለእርሷ ፍርድ አልሰጠም። በደለኛው በነጻነት ሲመላለስ፣ ተበዳይዋ በወንድሟ ቤት ተሸሽጋ ቀረች።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ይመስላችኋል? በመካከለኛው አሜሪካ ጓቲማላ የምትባል አገር አለች። 36 ዓመት የፈጀ የእርስ በርስ ጦርነት አሳልፋለች። በዚያ ሴፑር ሳርኮ በምትባል መንደር፣ ቄቅቺ የሚባሉ የማያ ሕዝብ ገበሬዎች ለሚያርሱት መሬት ሕጋዊ ይዞታ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ወታደሮች መጥተው ባሎችን ወሰዱ። ሚስቶቻቸውን ደግሞ በየሦስት ቀኑ በተራ ወደ ጦር ሰፈሩ እንዲመጡ አስገደዷቸው። ምግብ ያበስሉ ነበር፣ ልብስ ያጥቡ ነበር፤ በዚያም ይደፈሩ ነበር። ይህ ለወራት፣ ለአንዳንዶቹም ለዓመታት ቆየ። ወደ ተራራ ከሸሹት መካከል ልጆቻቸውን በረሃብ የቀበሩ አሉ።

ከሁሉ የባሰው ምን መሰላችሁ? የገዛ ጎረቤታቸው ጣቱን ቀሰረባቸው። ወታደሩ ለሠራው ኃጢአት እነርሱ አፈሩ።

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 18 ስለ አንዲት መበለት ተናግሯል። ዳኛው እስኪፈርድላት ድረስ ተመላለሰች እንጂ ቤቷ አልተቀመጠችም። የሴፑር ሳርኮ መበለቶችም እንዲሁ አደረጉ። በመጀመሪያ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ የሚሰሟቸው ሰዎችም አጠገባቸው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ክስ አቀረቡ። በ2016 አሮጊቶች ሆነው፣ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ችሎት ፊት ተቀመጡ። የካቲት ወር ላይ ፍርድ ቤቱ የጦር ሰፈሩን የቀድሞ አዛዥ 120 ዓመት፣ ከወታደሩ ጋር ይሠራ የነበረውን ሰው ደግሞ 240 ዓመት ፈረደባቸው።

የጠየቁትን ካሣ ደግሞ ስሙ። ለራሳቸው ብቻ አልለመኑም። ለመንደሩ ጤና ጣቢያ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ይሁን አሉ። ጣቱን ለቀሰረባቸው ጎረቤት ጭምር!

ወገኖቼ፣ ይህ ሩቅ አገር አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት በእህቶቻችን ላይ እንዲህ ያለ ጥቃት መፈጸሙን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ሪፖርት ተናግረዋል። ዛሬ ከአንተ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣ የምትዘምር ልትኖር ትችላለች። ታዲያ እኛ ማንን እንሁን? አቤሴሎምን? ወይስ ተቆጥቶ ዝም ያለውን ዳዊትን?

«ይቅር በይና እርሺው» ብለን አናቻኩላት። ይቅርታ የጌታ ትእዛዝ ነው፤ እውነትን መቅበር ግን ይቅርታ አይደለም። በልቧ ይቅር ያለች እህት በፍርድ ቤት ልትመሰክር ትችላለች። ምስጢሯን «የጸሎት ርዕስ» ብለህ ለሌላ አታውራ። ስትናገር አድምጣት፤ ሳትናገር ብትቀር አታስገድዳት። ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም እንድትደርስ አብረሃት ሂድ። ጸልይላት፤ ጸሎትህ ግን የሕክምናው ምትክ አይሁን።

አንቺ ይህን በስውር የምታነቢ እህቴ፣ ነውሩ የሠራው ሰው ነው። አልረከስሽም። ጌታችን ራሱ በወታደሮች እጅ ልብሱን ተገፎ በሰው ፊት ተዋርዷል፤ ሕመምሽን ያውቀዋል። ከእርሱ ፊት የሚያባርርሽ የለም።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ዝም ያሰኘናቸውን እህቶቻችንን ይቅርታ እንድንጠይቅ ልብ ስጠን። የተሰበረውን ጠግን፤ ፍርድን በምድራችን አቁም። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።