ከእንጦጦ እስከ ባሕር ወለል፤ የደለል ጉዞ



በእንጦጦ ጋራ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። ወደ ደቡብ የፈሰሰው በአቃቂ ወንዝ በኩል በገላን አቅራቢያ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ ከአፋር በረሃ፣ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ሰሜን የፈሰሰው ግን የሱሉልታን ሜዳ አጥቦ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የዓባይም መድረሻ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ታላላቅ ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት ናይል ወደ ግብፅ ይዞት ይወርድ ከነበረው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነበር። ስለሆነም የባሕር ወለል ደለል ነገር ወደብ ለሌለው አገር መሐንዲስ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ወንዙ ባሕር ሲደርስ የአፈሩም ጉዞ ያበቃል የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ስሕተት ነው። በአውድማ ላይ ነፋስ ምርቱን ከገለባው እንደሚለይ፣ የባሕር ጅረትም ደለሉን በየክብደቱ ይለየዋል። ከናይል አፍ የወጣውን አሸዋ ማዕበልና የዳርቻ ጅረት ወደ ምሥራቅ እየገፉ በሲናይና በጋዛ ዳርቻ አድርገው እስከ ሐይፋ ወስደውታል። ደቃቁ ጭቃ ግን በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ራቅ ይላል፤ ከፊሉም የአህጉሩ ጠርዝ ከሚባለው፣ ጥልቀት የሌለው ወለል ወደ ብዙ ሺህ ሜትር መዝቀጥ ከሚጀምርበት ቁልቁለት ይደርሳል።

በዚያ ቁልቁለት ላይ ሁለት ዓይነት ጅረቶች ይሠራሉ። አንደኛው ጭቃ ያዘለ ውሃ ከጠራው ውሃ ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ የሚናድ ደፍራሽ ጅረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በካናዳ አቅራቢያ ከባሕር በታች የመሬት መናወጥ በደረሰ ጊዜ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጥሰዋል፤ የመጨረሻው የተበጠሰው ከ13 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነበር። ሂዘንና ኢዊንግ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1952 የየገመዱን ሰዓት አስተያይተው የናዳውን ፍጥነት አሰሉ። የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሥነ ምድር ማስረጃ የሆነበት ይህ ታሪክ ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል። ሁለተኛው ጅረት ቁልቁለቱን ሳይወርድ በጎኑ የሚሄድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከእግረኛ ፍጥነት ያነሰ ቢሆንም ለሺህ ዘመናት ስለማያቋርጥ፣ ደቃቁን እያነሣ ሌላ ስፍራ ሲጥል የደለል ኮረብታ ይሠራል።

ይህን የአፈር ሒሳብ ግድብ ይለውጠዋል። በናይል አፍ የሚገኘው የሮዜታ ዳርቻ ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ ሲሸረሸር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ታላቁ የአስዋን ግድብ ወንዙን ከዘጋ በኋላ የሚተካው አፈር ፈጽሞ ቀረበት፤ የባሕሩ ጅረት ግን እንደቀድሞው መውሰዱን አላቆመም። ዛሬ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ምክንያት፣ የሱሉልታ አፈር አብዛኛው ከአገር ሳይወጣ ይቀራል።

ገላን አቅራቢያ ባለው በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይኸው ሕግ በትንሹ ይታያል። የአቃቂ ውሃ ከሐይቁ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ አሸዋውን ከመግቢያው ላይ ጥሎ ደቃቁን የመረሬ ጭቃ ወደ ግድቡ ይገፋል። የመሐንዲሶች ልማድ ደለሉን በሜትር ኩብ ለክቶ ሐይቁ በስንት ዓመት እንደሚሞላ ማስላት ነው። ይህ ስሌት አይበቃም፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶች በይበልጥ የሚጣበቁት ከአሸዋው ሳይሆን ከደቃቁ ጭቃ ላይ ነውና። ሐይቁን ለመጥረግ የሚነሣ መሐንዲስ ከመግቢያው የወሰደው ናሙና ንጹሕ መስሎ ቢታየው፣ ከግድቡ ሥር ያለውን ጭቃ ለገበሬ ማሳ ከመፍቀዱ በፊት ለብቻው ማስመርመር ይኖርበታል።