ጥቅሉ ለማን ይጠቅማል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኢኮኖሚክስ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ልንናገርበት የመረጥነው ነገር በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩ ኩባንያዎች አገልግሎታቸውን በአንድነት አስረው በአንድ ዋጋ ስለሚሸጡበት ስለ ጥቅል ሽያጭ ነው። ነገሩ የመዝናኛ ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ገንዘብና የገዢ ነጻነት ያሉበት ስለ ሆነ ልናስብበት ይገባናል።

የታሪኩ መነሻ አሜሪካ ነው፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በዚያ አገር ለብዙ ዘመን ቴሌቪዥን በኬብል ሲሸጥ፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት ጣቢያ ብቻ ቢፈልግም በአንድነት የታሰሩትን ብዙ ጣቢያዎች መግዛት ነበረበት። ኔትፍሊክስ በ2007 በኢንተርኔት ፊልም ማሳየት ከጀመረ በኋላ ብዙ ሰው «እንግዲህ የምፈልገውን ብቻ እገዛለሁ» እያለ ከኬብል ወጣ። ዳሩ ግን ሌሎቹም ኩባንያዎች የየራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ዲስኒ ፕላስና አፕል ቲቪ ፕላስ በ2019፣ ኤችቢኦ ማክስና ፒኮክ በ2020፣ ፓራማውንት ፕላስ በ2021 ተከተሉ። ፊልሙ በየሱቁ ተበተነ፤ የወሩም ሒሳብ እየበዛ ሄደ።

ገዢውም በበኩሉ ዘዴ አገኘ። የወደደውን ተከታታይ ፊልም አይቶ ሲጨርስ ክፍያውን ያቋርጥና ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህም ለኩባንያዎቹ ትልቅ ጭንቀት ሆነ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ኔትፍሊክስ ራሱ በ2022 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 200,000 ያህል፣ በሚቀጥሉትም ሦስት ወራት 970,000 ያህል ደንበኞች ጎደሉበት። በዚህ ጊዜ የጥንቱ ጥቅል እንደ ገና ተፈለገ፤ ብዙ ነገር በአንድነት የገዛ ሰው በቀላሉ አያቋርጥምና።

ዲስኒ ገና በ2019 ለየብቻ ሲገዙ 17.97 ዶላር የሚያወጡትን ሦስቱን አገልግሎቶቹን አስሮ በ12.99 ዶላር ሸጦ ነበር። በ2023 መጨረሻ ቬራይዞን የተባለው የስልክ ኩባንያ ኔትፍሊክስንና ማክስን ከነማስታወቂያቸው በወር በ10 ዶላር ለደንበኞቹ አቀረበ። በ2024 ደግሞ ኮምካስት ፒኮክን፣ ኔትፍሊክስንና አፕል ቲቪ ፕላስን በ15 ዶላር አሰረ፤ በዚያው ዓመት ተፎካካሪዎቹ ዲስኒና ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ እንኳ አገልግሎቶቻቸውን በአንድ ጥቅል ሸጡ።

ሻጭ ዋጋ ቀንሶ እንዴት ይጠቀማል? ጆርጅ ስቲግለር የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1963 ይህንን ምሥጢር በቀላል ሒሳብ አስረድቷል። እኛም የራሳችንን ምሳሌ እንስጥ። የመጀመሪያው ቤት ለስፖርት እስከ 12፣ ለልብ ወለድ ፊልም እስከ 5 ዶላር ይከፍላል እንበል፤ ሁለተኛው ቤት ለስፖርት 5፣ ለልብ ወለድ 12። ሻጩ እያንዳንዱን በ12 ቢሸጥ፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ይገዛና 24 ዶላር ያገኛል። ዋጋውን ወደ 5 ቢያወርድ ሁለቱም ቤቶች ሁለቱንም ይገዛሉ፤ የሚያገኘው ግን 20 ብቻ ነው። አስሮ በ17 ቢሸጥ ሁለቱም ይገዛሉ፤ 34 ዶላር ይገባለታል። እንግዲህ ጥቅል ችሮታ ሳይሆን ንግድ ነው። ስፖርት ብቻ የሚፈልግ ሦስተኛ ቤት ቢኖርስ? 12 ዶላር የሚያወጣለትን ነገር በ17 ግዛ ይባላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ጥቅሉ ለሚጠቀምበት ቤት ጌጥ፣ ለማይጠቀምበት ሸክም ነው።

ደግሞም የተናጠሉን ዋጋ የሚወስነው ያው ሻጭ መሆኑን አንዘንጋ። በ2019 በ6.99 ዶላር የተጀመረው ማስታወቂያ የሌለበት ዲስኒ ፕላስ በ2023 13.99 ዶላር ደርሷል። የተናጠሉ ዋጋ በወጣ መጠን ጥቅሉ ርካሽ መስሎ ይታያል።

የአሜሪካ ሕግም በዚህ ነገር የቆየ ፍርድ አለው። ፊልም አከፋፋዮች ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ምርጡን ፊልም ከተራው ጋራ ካላሰሩ አንሸጥም ይሉ ነበር፤ አንድ የዋሺንግተን ጣቢያ «ካዛብላንካ»ን ለማግኘት «ጎሪላ ማን»ን የመሳሰሉትንም መውሰድ ነበረበት። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1962 ይህንን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። የተከለከለው ጥቅል ራሱ ሳይሆን «ይህን ካልገዛህ ያንን አልሸጥልህም» ማለቱ ነው። በ2024ም ዲስኒ፣ ፎክስና ዋርነር ቬኑ የተባለ የስፖርት ጥቅል ሊከፍቱ ሲሉ፣ ፉቦ የተባለው ኩባንያ «እኛን የማንፈልጋቸውን ጣቢያዎች እያስገዙ ለራሳቸው ስፖርቱን ብቻ ሊሸጡ ነው» ብሎ ከሰሰ። ዳኛዋም ሥራው እንዳይጀመር አገዱ። በ2025 መጀመሪያ ፉቦ ከዲስኒ ጋራ ታረቀ፤ ቬኑም ሳይከፈት ቀረ።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ጥቅል ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የስልክ ጥቅል ገዝተን ቀኑ ሲያልፍ ያልተጠቀምንበት ሲጠፋ አይተናል። በገበያም ቲማቲም በመደብ ስንገዛ ከላይ ያለውን ትልልቁን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውንም እናያለን። ስለዚህ ማናቸውም ጥቅል ሲቀርብልን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ከውስጡ በእውነት የምንጠቀምበት የትኛው ነው? እርሱን ብቻ ብንገዛ ስንት ያወጣል? ባንፈልገው በየትኛው ቀን ልንተወው እንችላለን? መልሱ ከተስማማን በደስታ እንግዛ፤ ካልተስማማን ግን ርካሽ ነው መባሉ ብቻ አያታልለን።