ከደቃቁ አሸዋ ሥር

ዛሬ ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ የኮራል ድንጋይ አላት ቢባል ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። ሆኖም በአፋር፣ በዳናኪል ረባዳ ጠርዝ፣ ከ120 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ሰርጎ በገባበት ዘመን የበቀሉ ኮራሎች ደርቀው ዛሬም ይታያሉ። ኮራል ባለበት ባሕር ነጩ አሸዋ በአብዛኛው የሚወለደው ከኮራሉ፣ ከዛጎሉና ካልሲየም ካርቦኔት ከሚሠሩ አልጌዎች ስብርባሪ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ በ2013 የተከፈተውን፣ 5.7 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የሚይዘውን የሪፕሊ አኳሪየም ጎብኝቶ የወጣ ሰው የዚያን ባሕር ቁራጭ በመስተዋት ገንዳ ሳሎኑ ውስጥ ማስቀመጥ ቢያምረው አይፈረድበትም። ችግሩ የሚጀምረው አሸዋውን እንደ ምንጣፍ ሲቆጥረው ነው። የዛሬው ክርክሬም ደቃቅ አሸዋ ጌጥ ሳይሆን የሚሠራ አካል ነውና አያያዙ መወሰን ያለበት በመልኩ ሳይሆን ከሥሩ በሚሆነው ነገር ነው የሚል ነው።

ደቃቅ የምለው ቅንጣቱ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጠውን ነው። እንዲህ ያለው ቅንጣት ተጠጋግቶ ስለሚተኛ ውሃ በመሃሉ እንደ ልብ አይመላለስም። ከላይኛው ሽፋን ኦክስጅን ስላለ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ዓሣው የሚያወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ወረድ ሲባል ኦክስጅኑ ያልቃል፤ በዚያ የሚኖሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ከመስተዋቱ ጎን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ሥራው በዓይን ይታያል፦ ከላይ ነጭ፣ ቀጥሎ ቡናማ መስመር፣ ከዚያ ግራጫ፣ በግራጫው መሃል የታሰሩ ጥቃቅን አረፋዎች። በሞናኮ ዣን ዦቤር ከአሸዋው በታች የውሃ ክፍተት ትቶ፣ በአሜሪካ ሮናልድ ሺመክ ያለ ክፍተት ደቃቁን አሸዋ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ በመደልደል የተማመኑት በዚህ ሂደት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ገና ከመነሻው መምረጥ አለበት፦ ወይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ደልድሎ በየጊዜው በቱቦ እየሳበ ማጽዳት፣ ወይ ከ10 በላይ አድርጎ ታችኛውን ፈጽሞ አለመንካት። ብዙ ሰው የሚመርጠው 6 ሴንቲ ሜትር በእኔ አስተያየት የሁለቱንም ጥቅም ያጣ ነው፤ ለማጽዳት ይወፍራል፣ ለታችኞቹ ባክቴሪያዎች ይሳሳል።

ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕም ሌላ ጣጣ አለው። ኮራል ብርቱ ሞገድ ይወዳል፤ ደቃቅ አሸዋ ግን በሞገድ ይሰደዳል፤ አንዱ ጥግ ሲራቆት ሌላው ጥግ ይቆለላል። የቶሮንቶ ነዋሪ ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አያሻውም። የቶሮንቶ ደሴቶች ከስካርቦሮ ገደል ተሸርሽሮ በኦንታሪዮ ሐይቅ ሞገድ የተጓዘ አሸዋ የቆለላቸው ናቸው፤ እስከ 1858 ድረስ ከየብስ ጋር የተያያዙ ነበሩ፣ የዚያ ዓመት ማዕበል ቆርጦ ለያቸው። ውሃ በበረታበት አሸዋ ይነሣል፣ በደከመበት ያርፋል። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ላይኛው የውሃ ገጽ ማዞር፣ ኮራሉ የሚቀመጥባቸውን ድንጋዮችም ከአሸዋው በፊት ከመስተዋቱ ወለል ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። (ያንን የሐይቅ ዳር አሸዋ ዘግኖ መውሰድ የሚያምረው ሰው አይጠፋም፤ በአብዛኛው ኳርትዝ እንጂ ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም።)

አሸዋ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ወለሉ ባዶ ቢሆን ቆሻሻው ይታያል፣ ለማጽዳትም ይቀላል የሚሉ አሉ። ስለ ጽዳቱ እውነት አላቸው። ነገር ግን በአሸዋ ውስጥ የሚቀበሩት ዓሦች፣ የሚርመሰመሱት ትላትልና ቀንድ አውጣዎች ቤት ያጣሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ጥልቅ አሸዋ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያጠራቅማል፣ ዓሣም ይገድላል። ጋዙ በእርግጥ መርዝ ነው። ሆኖም አሸዋው ሳይነካ የቆየ እንደሆነ ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን ካለበት ሽፋን ደርሶ ይከሽፋል፤ አደጋው የሚመጣው ዓመታት የተኛውን አሸዋ አንድ ቀን በእጅ ሲገለብጡት ነው። የጠላ ጋን እንኳ አተላው እንዳይነሣ በቀስታ ይቀዳል።

አሸዋው ፒኤች ይጠብቃል የሚለውን አባባል ግን እኔም አልደግፍም፤ በጤነኛ የባሕር ውሃ ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት አሸዋ እምብዛም አይሟሟም። ይልቅስ ብዙም የማይነገርለት ጠባዩ ፎስፌትን መሳቡ ነው፤ ይይዘዋል፣ በኋላም ቀስ እያለ ይለቀዋል። የቶሮንቶ ከተማ ደግሞ የቧንቧ ውሃውን በክሎራሚን ያክማል፤ ከ2014 ጀምሮም እርሳስ ከአሮጌ ቱቦዎች እንዳይሟሟ ፎስፌት ይጨምርበታል። ለጠጪው ጥበቃ ነው፤ ለኮራል ግን ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ከገንዳው በየቀኑ ብዙ ውሃ ይተናል፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ፎስፌቱ ይቀራል። ባለቤቱ የጎደለውን ከቧንቧ በማንቆርቆሪያ እየቀዳ ሲሞላ ይከርማል። በየካቲት አሸዋው ላይ ያ ፎስፌት የመገበውን ቀይ ሽፋን ሲያይም አሸዋው መጥፎ ነው ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል።