ነጠላ፥ ባልጩትና የደላንታ ድንጋይ

(በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ለማኅበራችን አባሎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «ስለ ብርሃን አንድ ነገር ንገረን» ባለኝ ጊዜ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ሌዘር እንድናገር አስቦ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከምታዩዋቸው ዕቃዎች ርቄ ለመሄድ አልፈለግሁም። አንድ ብርጭቆ ውኃ፥ አንድ ነጠላ፥ ጥቂት ጨው፥ ከኮርቤቲ በኩል የመጣ አንድ ባልጩትና አንድ የእጅ ባትሪ አሉ። ነጠላውን ያዋሰችን እኅታችን ከፊት ረድፍ ተቀምጣ በዓይኗ ትጠብቀዋለችና፥ ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም እንደማላስነካው በሁላችሁ ፊት ቃል እገባለሁ።

ከነዚህም ሌላ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ አንድ ድንጋይ አለ። መልኩ እንደ ወተት ነው፤ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሉት ግን አረንጓዴና ቀይ ከውስጡ ብልጭ ይላል። በቅርብ ያላችሁ ደኅና አድርጋችሁ እዩት። አሁን ከብርጭቆው ውኃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ለጊዜው እንተወው።

ከነጠላው ልጀምር። ነጠላ ለምን ነጭ ሆነ? ጥጥ ነጭ ስለ ሆነ ነው የሚል መልስ ይመጣል፤ ነገር ግን ከጥጡ አንዲት ጭረት ብቻ ነጥለን በማይክሮስኮፕ ብናያት ነጭነት የላትም፤ እንደ ብርጭቆ ብርሃንን የምታሳልፍ ናት። ጨውም እንዲሁ ነው። ጥሩ የጨው ድንጋይ በዓይን ፊት ቢይዙት ማዶውን ያሳያል፤ ሲፈጩት ግን ነጭ ዱቄት ይሆናል። በወፍጮው ላይ ነጭ ቀለም የጨመረበት ሰው የለም። ቢራም ቢጫ ሳለ አረፋው ነጭ ነው። እንግዲህ ነጭነቱ ከወዴት መጣ?

ብርሃን በባዶ ስፍራ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ በ1.33 ተካፍሎ ይቀንሳል፤ በጥጥና በጨው ውስጥ ደግሞ በ1.54 ገደማ። ፍጥነቱ በድንገት በሚለወጥበት ድንበር ላይ ሁሉ ከብርሃኑ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከአየር ወደ ጥጥ ሲያልፍ ከመቶው አራት ወይም አምስት እጁ ይመለሳል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነው፤ የአንድ መስኮት መስታወትም ከፊቱ የሚመልሰው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም። ነገር ግን ነጠላው በሺሕ የሚቈጠሩ ጭረቶች የተደራረቡበት፥ በየመካከላቸውም አየር የገባበት ነው። ብርሃኑ ከአንዱ ሲያልፍ በሌላው እየተመለሰ፥ እየተሰበረም፥ መንገዱ ጠፍቶበት መጨረሻ ላይ በመጣበት በኩል ይወጣል። ከቀለማቱም አንዱን ለይቶ ያስቀረ ስለሌለ፥ ሁሉም እኩል ተመልሰው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ።

አሁን በነጠላው ጫፍ ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሼ እጄን ከበስተኋላው አደርጋለሁ። ጣቶቼን ልትቈጥሩ ትችላላችሁ። ጥጡ ያው ጥጥ ነው፤ የተለወጠው በመካከሉ ያለው ነው። አየሩ ወጥቶ ውኃ ገባ። ከውኃ ወደ ጥጥ ሲታለፍ የፍጥነቱ ልዩነት አነስተኛ በመሆኑ፥ በየድንበሩ የሚመለሰው ብርሃን ከመቶው ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ሒሳቡን መሥራት የሚወድ ሰው ቢኖር፥ የሁለቱን ቍጥሮች ልዩነት ለድምራቸው አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ያባዛ፤ ስምንት ጊዜ ያህል መቀነሱን ያገኘዋል። ዘይትና ቅቤ ደግሞ ከውኃ ይልቅ ወደ ወረቀትና ወደ ጥጥ ይቀርባሉ፤ ቅቤ የነካው ወረቀት በመብራት ፊት መስኮት የሚመስለው ስለዚህ ነው። የሲዳማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲመታው የሚጠቍረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃኑ ቶሎ መመለሱን ትቶ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ አፈሩ የበለጠውን ይውጠዋል።

ስለ ሐይቃችን አንድ ቃል ብቻ ልናገርና ልለፍ። በአሞራ ገደል ጠዋት የቆመ ሰው የሚያየው ሰማዩን ነው፤ በጀልባ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ዓሣ አጥማጅ ግን ውኃውን ያያል። ቀጥ ብሎ ከወረደው ብርሃን ውኃው የሚመልሰው 2 በመቶ ያህል ነው፤ ፊቱን ታክኮ ከሚመጣው ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ሐይቁ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሰዎች የሚያዩት እንዲህ ይለያያል።

ወደ ባልጩቱ ልምጣ። ይህ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ በፍጥነት ስለ ቀዘቀዘ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። በሌላ አነጋገር ተፈጥሮ የሠራችው ብርጭቆ ነው። ከዚህ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በኮርቤቲ ተራሮች ዘንድ ብዙ ይገኛል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ከ270,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከባልጩት መሣሪያ ይሠሩ እንደ ነበር ተረጋግጧል። በሲዳማና በጉራጌ አገርም ቆዳ ፋቂዎች በዚሁ ድንጋይ ሲሠሩ በእኛው ዘመን ተጽፎላቸዋል። ሙያቸው ሲናቅ እየሰማን ላደግነው፥ የ270,000 ዓመት ዕውቀት ይዘው መገኘታቸው ትንሽ ሊያሳፍረን የሚገባ ይመስለኛል።

ባልጩት ጥቍር ነው ትሉኛላችሁ። ባትሪውን ከስሉ በስተ ኋላ ሳበራው ግን እነሆ፥ እንደ ጢስ ያለ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቍረቱ በውስጡ ከተበተኑት እጅግ ደቃቅ የብረት ማዕድናት የመጣ ነው፤ ውፍረቱ ሲበዛ ብርሃኑ ሁሉ በመንገድ ይቀራል፤ ሲሳሳ ግን ያመልጣል። ይህንን ባልጩት አንድ ወር ውኃ ውስጥ ብታስቀምጡት መልኩ አይለወጥም። ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውምና።

አሁን ወደ ረሳነው ድንጋይ እንመለስ። ይህ ኦፓል ነው፤ የመጣውም ከወሎ፥ ከደላንታ፥ ከወገል ጤና አካባቢ ነው። በአገራችን ኦፓል በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ሸዋ በሜዘዞ ታውቆ ነበር፤ የወገል ጤናው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በገደሉ ወገብ ላይ፥ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር መካከል፥ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ሥሥ ሽፋን ውስጥ ይገኛል። ቆፋሪዎቹ ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየቦረቦሩ ይገባሉ፤ ጣሪያው የሚወድቅበት ጊዜም አለ።

ቀለሙ እንደ ባልጩቱ በውስጡ ከተቀላቀለ ነገር የመጣ አይደለም። ኦፓሉ ቢፈጭ ነጭ ዱቄት ብቻ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፓል ከደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች የተሠራ ነው፤ እነሱም በገበያ እንደ ተደረደረ ብርቱካን በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። የአንዱ እንክብል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከየረድፉ የሚመለሱት ሞገዶች በአንድ አቅጣጫ ለአንዱ ቀለም ሲተባበሩ ለሌላው ይጣላሉ። እንክብሎቹ ትናንሾች ከሆኑ ሰማያዊ ብቻ ይታያል፤ ተለቅ ያሉ ከሆኑ ቀዩም ይወጣል። ድንጋዩን ስናዘነብለው ቀለሙ የሚሸሸው የብርሃኑ መንገድ ስለሚለወጥ ነው።

ደግሞም የወገል ጤና ኦፓል እንደ ነጠላው በውስጡ ቀዳዳ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ክብደቱ እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ብርጭቆውን ከፍ ላድርገው፤ ድንጋዩ የት አለ? በፊተኛው ረድፍ ያላችሁ እንኳ ለማግኘት ተቸግራችኋል። ወተቱ ጠፍቷል፤ እሳቱም ደብዝዟል። አየሩ ወጥቶ ውኃ ስለ ገባ በቀዳዳዎቹ የሚመለሰው ብርሃን አነሰ፤ በእንክብሎቹና በመካከላቸው ባለው ነገር መካከል የነበረውም ልዩነት ጠበበ።

ይህን ድንጋይ ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ገደል ወርዶ ቆፍሮ ካገኛቸው መካከል ሁለቱን ይዞ አንድ ገዢ ዘንድ ሄደ። ገዢው ድንጋዮቹን ተቀብሎ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አኖራቸውና ሻይ ጋበዘው። ሻዩ ካለቀ በኋላ አውጥቶ አሳየው፤ «ቀለም የለውም፥ ብርጭቆ ነው» አለው። የአጎቴ ልጅም በዓይኑ ስላየ አመነ። አንዱን የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ በማይሞላ ገንዘብ ሸጠ። ሁለተኛውን ግን ተናዶ በኪሱ ይዞት ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ከኪሱ ሲያወጣው እሳቱ ተመልሶ ነበር። አሁን በብርጭቆው ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ቆፋሪውም ሁልጊዜ የዋህ ነው አልልም። እርጥብ ድንጋይ በሚዛን ላይ ይከብዳልና ማታለሉ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል። ሌላም አለ። ኦፓል ውኃ እንደሚጠጣ ሁሉ ቀለምም ጢስም ይጠጣል። አንዳንዶች ነጩን ኦፓል በወረቀት ጠቅልለው በማጤስ ጥላሸቱ ከቀዳዳው እንዲገባ ያደርጉና ጥቍር ኦፓል ነው ብለው ይሸጡታል። ጸሐፊዎቻችን በብራና ላይ ለመጻፍ ቀለማቸውን የሚያዘጋጁበት ጥላሸት እዚህ ለማታለያ ይውላል። ጥቍር መደብ እሳቱን አጕልቶ ስለሚያሳይ ዋጋው ይጨምራል፤ በኋላ ገዢው ሲያውቅ ግን ስሙ የሚጠፋው የደላንታ ድንጋይ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደ ወሎና ወደ ሰሜን ሸዋ የሚሄዱ ጓደኞቻችን አሉ። በአንድ ገጽ፥ በቀላል አማርኛ፥ በማባዣ መኪናችን የምናትመው ጽሑፍ ይዘው ይሂዱ። የሚጻፈውም ይህ ነው፦ ድንጋይህን ደረቅ እንደ ሆነ አሳይ፤ ደረቅ እንደ ሆነ አስመዝን፤ ገዢ ውኃ ውስጥ ቢያኖርብህ ዋጋ ሳትቈርጥ ተመለስና ጥቂት ቀን ጠብቅ፤ በእሳት አጠገብ አታድርቀው፥ ሊሰነጠቅ ይችላልና። ጽሑፉን የፊዚክስና የጂኦሎጂ መምህራን እንዲያርሙልን እለምናለሁ። ለመጻፍና ይዞ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን በሩ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ያስፍር።

ድንጋዩን አሁን አውጥቼ በዚህ ጨርቅ ላይ አኖረዋለሁ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ እሳቱ በስንተኛው ሰዓት እንደሚመለስ ለመመዝገብ የምትፈልጉ ወረቀቱን አጠገቡ ታገኙታላችሁ። ነጠላው ግን እስከ ማታ ይደርቃልና ዛሬውኑ ለባለቤቷ ይመለሳል።